ቆጣሪ ሊገጠምላቸው በማይችል መኖሪያ ቤቶች የውሃ ሂሳብ በምን ይወሰናል?

የመጠጥ ውሃ አገልግሎት ክፍያ ፍትሐዊ የሚሆነው ደንበኛው የተጠቀመበት መጠን ታውቆ ሂሳቡ በዚያው ልክ ሲሰላ እንደሆነ ይታመናል። ለዚህም ዋነኛው መሣሪያ የውሃ ቆጣሪ ነው። ይሁን እንጂ በቧንቧ አዘረጋጋቸው ወይም በሕንፃው አሠራር ምክንያት ቆጣሪ ለመግጠም የማያመቹ መኖሪያ ቤቶች በርካታ ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ነዋሪዎች ፍጆታቸው ስለማይለካ ጥቂት ውሃ ተጠቅመው ከፍተኛ ሂሳብ የሚከፍሉበት አጋጣሚ ይፈጠራል።

እንግሊዝና ዌልስ ይህ ችግር ጎልቶ ከታየባቸውና በሕግ መፍትሔ ከተበጀላቸው አገሮች መካከል ይጠቀሳሉ። በሁለቱ አገሮች አማካይ ዓመታዊ የቤተሰብ የውሃና የፍሳሽ አገልግሎት ሂሳብ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ከ480 ፓውንድ ወደ 603 ፓውንድ ከፍ ማለቱ ጉዳዩን ይበልጥ አሳሳቢ አድርጎታል። ጭማሪው ቆጣሪ ባላቸውም ሆነ በሌላቸው ደንበኞች ላይ የተጣለ ሲሆን፣ ቆጣሪ የሌለው ደንበኛ ግን ፍጆታውን በመቀነስ ሂሳቡን ዝቅ የሚያደርግበት መንገድ የለውም።

የኪራይ ግምት አሠራር

ቆጣሪ በሌላቸው ቤቶች የውሃ ሂሳብ የሚሰላው በአብዛኛው በቤቱ የኪራይ ግምት መሠረት ነው። ይህ ግምት ቀደም ሲል የአካባቢ አስተዳደሮች የቤት ግብር ይሰበስቡበት የነበረ ሲሆን፣ ቤቱ ቢከራይ በዓመት ሊያስገኝ የሚችለውን ገቢ መነሻ ያደርጋል። ጠቅላላ ግመታው ለመጨረሻ ጊዜ ተከልሶ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። የግብሩ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1990 ቢቀርም ግምቱ ባለበት ቆሞ ለውሃ ሂሳብ ማስሊያነት ማገልገሉን ቀጥሏል።

የስሌቱ አሠራር ቀላል ነው። ኩባንያው ለእያንዳንዱ የግምት ፓውንድ የሚከፈለውን ዋጋ ይወስናል። ለምሳሌ ያህል የኪራይ ግምቱ 200 የሆነ ቤት በአንድ የግምት ፓውንድ 2 ፓውንድ የሚከፈልበት ቢሆን ዓመታዊ ሂሳቡ 400 ፓውንድ ይሆናል። በቤቱ ውስጥ አንድ ጡረተኛ ብቻቸውን ቢኖሩም ሆነ ስድስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ቢኖርበት ሂሳቡ አይለወጥም። ግምቱ በአሁኑ ወቅት የማይከለስ በመሆኑ ነዋሪው ከፍተኛ ነው በሚል ይግባኝ ሊጠይቅበት አይችልም።

በዚህ የተነሳ አሠራሩ በተለይ በትልቅ ቤት ወይም ቀድሞ ኪራዩ ውድ በነበረ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አነስተኛ ገቢ ያላቸውን ሰዎች ይጎዳል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የተሠሩ ቤቶች የኪራይ ግምት ስለሌላቸው በአብዛኛው ከመጀመሪያው ቆጣሪ ተገጥሞላቸዋል። ስለዚህ ችግሩ በዋነኛነት የቀድሞ ቤቶችና አሮጌ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ችግር ነው።

ቆጣሪ የማግኘት መብትና ገደቡ

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የውሃ ኢንዱስትሪ ሕግ ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች ሁለት መሠረታዊ መብቶችን ሰጥቷል። አንደኛው፣ የውሃ ኩባንያ ሂሳብ ባለመከፈሉ ምክንያት የመኖሪያ ቤት ውሃ እንዳያቋርጥ የሚከለክል ነው። ክልከላው ዕዳውን ስለማይሰርዝ ኩባንያው ገንዘቡን በፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ ደንበኛው በጠየቀ ጊዜ ቆጣሪ ያለ ክፍያ እንዲገጠምለት የሚደነግግ ነው። ተከራዮችም የኪራይ ውላቸው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ከሆነ የአከራይ ፈቃድ ሳያስፈልጋቸው ጥያቄውን ማቅረብ ይችላሉ።

ሕጉ ለኩባንያዎች ሁለት የማያስገድዱ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። እነዚህም ገጠማው በተግባር የማይቻል ሲሆን ወይም ከተገቢው በላይ ወጪ የሚያስከትል ሲሆን ነው። በአሮጌ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች አንድ ዋና ቧንቧ ለብዙ ቤቶች ውሃ የሚያደርስ በመሆኑ የአንዱን ፍጆታ ከሌላው ለይቶ መለካት ያስቸግራል። በአንዳንዶቹም ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ከተለያየ መስመር ስለሚቀዱ ለአንድ ቤት ከአንድ በላይ ቆጣሪ ያስፈልጋል። ሙቅ ውሃ ከማዕከላዊ ማሞቂያ ለሁሉም የሚከፋፈልባቸው ሕንፃዎችም አሉ። በለንደን እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ይህ ሁኔታ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

የትመና ክፍያ

ቆጣሪ መግጠም እንደማይቻል ሲረጋገጥ ኩባንያው ለደንበኛው በትመና የሚወሰን ክፍያ ማቅረብ ይኖርበታል። አሠራሩ የሂሳብ መዝገብ ለማይዝ ግብር ከፋይ ከሚወሰነው የቁርጥ ግብር ጋር ይመሳሰላል። ትክክለኛው መጠን ስለማይታወቅ ተቀራራቢውን የሚያመለክቱ ሁኔታዎች መነሻ ይደረጋሉ። ከኩባንያዎቹ ከፊሎቹ የመኝታ ክፍሎችን ቁጥር፣ ሌሎቹ የቤቱን ዓይነት፣ ቀሪዎቹ ደግሞ የነዋሪዎቹን ብዛት ይመለከታሉ። ብቻውን ለሚኖር ሰው የተለየ ዝቅተኛ ክፍያ የሚያስከፍሉም አሉ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሊስተዋሉ የሚገባቸው ሦስት ነጥቦች ናቸው። የመጀመሪያው፣ የትመና ክፍያ በራሱ የሚመጣ አለመሆኑ ነው። ደንበኛው አስቀድሞ ቆጣሪ እንዲገጠምለት ማመልከት፣ የኩባንያው ባለሙያም ቤቱን አይቶ ገጠማው የማይቻል መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ቆጣሪ እንደማይገጠምለት አስቀድሞ ገምቶ ሳያመለክት የቀረ ነዋሪ ዝቅ ሊል የሚችለውን ሂሳብ በከፍተኛው መጠን መክፈሉን ይቀጥላል።

ሁለተኛው፣ ደንበኛው የማነጻጸር መብት ያለው መሆኑ ነው። የትመና ክፍያው በኪራይ ግምት ከሚሰላው ሂሳብ የሚበልጥ ሆኖ ከተገኘ በነበረበት ለመቆየት ይችላል። በተለይ ብዙ አባላት ያሉት ቤተሰብ ክፍያው በነዋሪ ቁጥር የሚተመን ከሆነ ስሌቱን አስቀድሞ መመልከት ይጠቅመዋል።

ሦስተኛው፣ የትመና ክፍያ ከፍጆታ ጋር ያልተያያዘ መሆኑ ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን ወይም የገላ መታጠቢያ ጊዜን ማሳጠር ውሃ ከብክነት የሚያድን ቢሆንም የውሃ ሂሳቡን አይቀንስም። ሙቅ ውሃ መቆጠብ ግን ለማሞቂያ የሚወጣውን የኃይል ወጪ ስለሚቀንስ ጠቀሜታው በሌላ በኩል ይታያል።

ሌሎች የእፎይታ መንገዶች

ከትመና ክፍያ በተጨማሪ ሌሎች ድጋፎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጎርፍና የውሃ አስተዳደር ሕግ ኩባንያዎች አነስተኛ ገቢ ላላቸው ደንበኞች ማኅበራዊ ታሪፍ እንዲያዘጋጁ በር ከፍቷል። መመዘኛውና የቅናሹ መጠን ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል።

ዋተርሹር የተባለው ሌላው መርሐ ግብር የመንግሥት የገቢ ድጎማ የሚያገኙና ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ልጆች ያሏቸው፣ ወይም በሕመም ምክንያት ብዙ ውሃ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ሂሳብ ከኩባንያው አማካይ ሂሳብ እንዳይበልጥ ያደርጋል። መርሐ ግብሩ በመሠረቱ ቆጣሪ ላላቸው ደንበኞች የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ቆጣሪ ጠይቀው ያልተገጠመላቸው ቤተሰቦች ተጠቃሚ ስለሚሆኑበት ሁኔታ ኩባንያቸውን መጠየቅ ይኖርባቸዋል።

ከጣሪያና ከግቢ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ወደ ሕዝብ የፍሳሽ መስመር የማይገባበት ቤት ነዋሪም ለዚህ አገልግሎት የተጨመረው ክፍያ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ይህም ቆጣሪ መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም።

ውሃውን በቀጥታ ከኩባንያው ሳይሆን በአከራይ በኩል ለሚያገኙ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የውሃ ዳግም ሽያጭ ትእዛዝ ጥበቃ ያደርጋል። በትእዛዙ መሠረት አከራዩ ለኩባንያው ከከፈለው ገንዘብና ከተወሰነ አነስተኛ የአስተዳደር ወጪ በላይ ማስከፈል አይችልም።

ኩባንያው ቆጣሪ መግጠም አይቻልም ሲል ውሳኔው የመጨረሻ አይደለም። ደንበኛው ቅሬታውን በመጀመሪያ ለኩባንያው፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2005 ለተቋቋመው የውሃ ተጠቃሚዎች ምክር ቤት ያቀርባል። ገጠማው ይቻላል አይቻልም በሚለው ክርክር ላይ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን በሕግ የተሰጠው ኦፍዋት ለተባለው የዘርፉ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። የብሪታንያ መንግሥት ኦፍዋትን አፍርሶ ሥራውን አዲስ ለሚቋቋም አንድ ተቆጣጣሪ አካል እንደሚያስተላልፍ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አስታውቋል።

የጋራ ቆጣሪና የኢትዮጵያ ከተሞች

በኢትዮጵያ ከተሞች የችግሩ መልክ የተለየ ቢሆንም መነሻው ተመሳሳይ ነው። በአንድ ግቢ የሚኖሩ በርካታ አባወራዎችና እማወራዎች በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙበት ሁኔታ የተለመደ ነው። ቆጣሪው የግቢውን እንጂ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ፍጆታ አይለካም። አዲስ አበባን በመሳሰሉ ከተሞች ደግሞ የውሃ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንድ ሜትር ኩብ ዋጋ ከፍ እያለ የሚሄድበት ሥርዓት ነው። ዓላማው ጥቂት የሚጠቀመውን ለመደጎምና ብክነትን ለመግታት ነው።

በጋራ ቆጣሪ ግን ይህ ዓላማ ሊገለበጥ ይችላል። ለምሳሌ ያህል የመጀመሪያዎቹ 7 ሜትር ኩብ በዝቅተኛ ዋጋ ይከፈልባቸዋል ቢባል፣ በወር 6 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ቤተሰብ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ሂሳቡ በሙሉ በዝቅተኛው ዋጋ ይሰላል። እንዲህ ያሉ አራት ቤተሰቦች አንድ ቆጣሪ ሲጋሩ ንባቡ 24 ሜትር ኩብ ይሆናል። በዚህም ዝቅተኛውን ዋጋ የሚያገኙት 7 ሜትር ኩብ ብቻ ሲሆኑ ቀሪዎቹ 17 ሜትር ኩብ በከፍተኛ ዋጋ ይታሰባሉ። ጥቂት የሚጠቀሙት ድሃ ቤተሰቦች እንደ ባለጸጋ አባካኝ ይከፍላሉ ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቆጣሪ ማስገባት በማይቻልበት ጊዜ የታሪፉን እርከን በቤተሰቦቹ ቁጥር አባዝቶ ማስላት አንዱ አማራጭ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ አራት ጊዜ 7፣ ማለትም 28 ሜትር ኩብ በዝቅተኛው ዋጋ ቢታሰብ የአራቱም ቤተሰቦች ፍጆታ በዚያው ውስጥ ይጠቃለላል። አሠራሩ በግቢው የሚኖሩትን ቤተሰቦች ቁጥር በትክክል መመዝገብንና መዝገቡን በየጊዜው ማደስን ስለሚጠይቅ በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቶችና በወረዳ አስተዳደሮች መካከል ቅንጅት ያስፈልገዋል። ይህ ካልሆነ ቅናሹ ለማይገባው ሊደርስ ይችላል።

በአጠቃላይ የእንግሊዝና የዌልስ ተሞክሮ እንደሚያሳየው የአንድን ቤት ፍጆታ ለመለካት አለመቻል ነዋሪው የተጠየቀውን ሁሉ እንዲከፍል ምክንያት ሊሆን አይገባም። መለካት በማይቻልበት ቦታ ትመና አስፈላጊ ቢሆንም፣ ትመናው በምን ላይ እንደተመሠረተ ለደንበኛው ሊገለጽለት፣ ከሌላው አማራጭ ጋር ሊያነጻጽረውና ቅር ሲሰኝ አቤት የሚልበት አካል ሊኖረው ይገባል። የትመና ክፍያ ሳያመለክቱት የማይገኝ መሆኑ ደግሞ የአሠራሩ ዋነኛ ድክመት ነው፤ መብቱን የማያውቅ ነዋሪ አይጠቀምበትምና። በመሆኑም ከደንቡ መውጣት ባልተናነሰ ደንቡን ለነዋሪው የማሳወቅ ኃላፊነት አገልግሎቱን በሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚወድቅ ይሆናል።