የታመሙ አስተማሪና የፈራ አሠሪ

አሠሪ ሠራተኛውን ሲያሰናብት ከሚሰጣቸው ምክንያቶች ሁሉ መልስ የሚያሳጣው «እኔስ ቂም የለኝም፤ የሌላውን ሰው ጤና ለመጠበቅ ብዬ ነው» የሚለው ነው። ለሰሚው ደግነት ይመስላል። ይህ ምክንያት አንድ ጊዜ በአሜሪካን አገር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተመርምሯልና ታሪኩ እነሆ።

ወይዘሮ ጂን አርላይን በፍሎሪዳ፣ ናሶ በሚባለው አውራጃ፣ ከ1966 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ያስተምሩ ነበር። ቀደም ብሎ በ1957 የሳምባ ነቀርሳ ይዟቸው ሆስፒታል ተኝተዋል። በሽታው ሃያ ዓመት ያህል ድምፁን አጥፍቶ ቆየና በ1977 አንድ ጊዜ፣ በ1978 ሁለት ጊዜ ተመልሶ በምርመራ ተገኘ። የትምህርት ቦርዱ መጀመሪያ ደመወዛቸውን እየከፈለ ከክፍል አገዳቸው፤ በ1979 የትምህርቱ ዘመን ሲያልቅ ግን ጨርሶ አሰናበታቸው። ጥፋት አልተገኘባቸውም። ይህንንም የትምህርት ቤቶቹ የበላይ ኃላፊ ራሳቸው መስክረዋል።

ሴትዮዋ ከሰሱ። የተደገፉበት በ1973 የወጣው የአካል ጉዳተኞች መቋቋሚያ ሕግ ነው። 504ኛው ክፍሉ፣ ከማዕከላዊው መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ለሥራው ብቁ የሆነን ሰው በአካል ጉዳቱ ብቻ እንዳያገል ይከለክላል። ቃሉ አጭር ነው፤ ሆኖም ማስፈጸሚያ ደንቡ ለዓመታት ተንከባልሎ የተፈረመው በ1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሕንፃ ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም ብለው ተቀምጠው ነው።

የቦርዱ ክርክር ብልኅ ነበር። ያሰናበትኳቸው ስለታመሙ አይደለም፤ ሕመሙ ወደ ሌላ ሰው ስለሚተላለፍ ነው፤ መተላለፍ ደግሞ አካል ጉዳት አይባልም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት ወር 1987፣ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ፣ ይህን አልተቀበለም። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ዊሊያም ብሬናን፣ በሽተኛውን የጎዳውና ሌላውን ያስፈራው ያው አንድ በሽታ ስለሆነ አሠሪው ሁለቱን ለያይቶ መሸሸጊያ ሊያደርገው አይገባም አሉ። የሰው ፍርሃትና አጉል እምነት ራሱ ከሕመሙ ባልተናነሰ ሰውን ከሥራ እንደሚያስቀር ሕግ አውጪው አውቆታል ሲሉም አስረዱ።

ይህ ማለት ግን የሚያስል ሁሉ ክፍል ይግባ ማለት አይደለም። ሕፃናት የሚውሉበት ክፍል ቀልድ አይደለምና ቦርዱ መስጋቱ በራሱ አያስወቅሰውም፤ የሚያስወቅሰው ሳይመረምር መቁረጡ ነው። ፍርድ ቤቱ ያዘዘው በሽታው በምን መንገድ እንደሚተላለፍ፣ ሰውዬው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያስተላልፍ፣ ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ የመያዙም ዕድል ምን ያህል እንደሆነ በሐኪሞች ዕውቀት ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው እንዲመረመር ነው። ከዚያም አሠሪው ሥራውን በመጠኑ አስተካክሎ ሰውየውን ለማቆየት ይችል እንደሆነ ይጠየቃል። ሬንክዊስትና ስካሊያ የተባሉት ሁለቱ ዳኞች፣ ሕጉ ስለ ተላላፊ በሽታ በግልጥ አልተናገረም ብለው ተቃወሙ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም እንደነርሱ ቢፈረድ ኖሮ «ይተላለፋል» የሚል አንድ ቃል ማንንም ለማባረር ይበቃ ነበር።

ጉዳዩ ወደ ታች ተመልሶ በምርመራው መሠረት ሲታይ ወይዘሮ አርላይን ለማስተማር ብቁ እንደነበሩ ተረጋገጠ። በ1988 ዳኛው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ አለዚያም እስከ ጡረታቸው የሚያገኙት ከሰባት መቶ ሺህ ዶላር በላይ እንዲከፈላቸው አዘዙ። እሳቸው ሲባረሩ አንደኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ በዚያ ጊዜ አሥረኛን ጨርሷል።

በ1990 የወጣው ሰፊው የአሜሪካ አካል ጉዳተኞች ሕግ ይህንኑ ግዴታ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው የግል አሠሪዎች ላይም ጣለ። ለሥራ ፈላጊ ዋናው ነገር ግን አሠሪው ሥራውን ሰጥቼሃለሁ ከማለቱ በፊት ስለ በሽታ እንዳይጠይቅ፣ ሐኪም ዘንድም እንዳይልክ መከልከሉ ነው፤ ይህን ሥራ ለመሥራት ትችላለህ ወይ ብሎ ግን ሊጠይቅ ይችላል። የተባረረ ሰው ቢያንስ የስንብት ደብዳቤ በእጁ አለው። በር ላይ የተመለሰው ግን ለምን እንደተመለሰ የሚነግረው ወረቀት የለውም።