«ሙጫ» ሁሉን አይሸፍንም፤ ስለ ፖሊመርና ስለ ሥራዎቹ ስያሜ

በላስታ ደጋ፣ በኩልመስክና በላሊበላ አካባቢ፣ ቁም ጸሓፊ ጥቁር ቀለም ሲያዘጋጅ ጥላሸቱን በውሃ በጥብጦ ብቻ አይተወውም፤ ሙጫ ይጨምርበታል። በዚያው አገር ጠላ የምትጠምቅ ባለሙያ ደግሞ አተላው እስኪዘቅጥና ጠላው እስኪጠልል ድረስ ትጠብቃለች። ጸሓፊው ደቃቁ ነገር በፈሳሹ ውስጥ ተበትኖ እንዲቆይለት ይፈልጋል፤ ጠማቂዋ ግን ተሰብስቦ እንዲወርድላት ትሻለች። ዛሬ በማተሚያ ቤትና በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሚገኙት ፖሊመሮች የሚያገለግሉት እነዚህኑ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም፣ እነዚህ ሥራዎች በአማርኛ ምን ተብለው ቢጠሩ አንዱ በሌላው ስፍራ ሳይገባ በትክክል ሊታወቁ እንደሚችሉ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ፖሊመር» ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «ፖሊ» ብዙ፣ «ሜሮስ» ክፍል ማለት ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1833 ለሳይንስ ያስተዋወቀው የስዊድኑ የኬሚስትሪ ሊቅ ቤርዜልዩስ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ የሰጠው ትርጉም ዛሬ ከምንረዳው ይለያል፤ የተገነቡባቸው ንጥረ ነገሮች ምጥጥን አንድ ሆኖ ሳለ በክብደት የሚበላለጡ ውሕዶችን ለማመልከት ነበር የተጠቀመበት። ፖሊመር በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ አሃዶች በጽኑ ማሰሪያ ተቀጣጥለው የሚገኙበት ረጅም ሞለኪዩል መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1920 ያስረዳው ጀርመናዊው ሄርማን ሽታውዲንገር ነው። በጊዜው ብዙዎች ባይቀበሉትም፣ እ.ኤ.አ. በ1953 በዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ ለመረዳት ጨሌ የተሰካበትን ድሪ ማሰብ ይበቃል። እያንዳንዱ ጨሌ «ሞኖመር»፣ ድሪው «ፖሊመር» ነው። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ቃሉን ቃል በቃል «ብዙ ክፍል» ብለን ብንተረጉመው ቤርዜልዩስ ከተወው ትርጉም የተሻለ ነገር አናገኝም፤ ዛሬ ቃሉ የቆመው በሥርወ ቃሉ ላይ ሳይሆን በተሰጠው ፍቺ ላይ ነውና። ሁለተኛ፣ ድሪው ከጨሌው የተለየ ጠባይ ያለው በመሆኑ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አይገባም። ስለዚህ «ፖሊመር» እና «ሞኖመር» እንዳሉ ቢወሰዱ ይሻላል እንላለን።

ቃሉ እንግዳ ይሁን እንጂ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ብራና የሚፋቀው ከፍየል፣ ከበግ ወይም ከጥጃ ቆዳ ነው፤ የቆዳው ዋና አካል የሆነው ኮላጅን ፖሊመር ነው። የግራር ሙጫም እንዲሁ ከስኳር አሃዶች የተቀጣጠለ ፖሊመር ነው። ጥላሸት በውሃ የሚሟሟ ነገር አይደለም፤ ብቻውን ቢተው ቅንጣቶቹ ተሰባስበው ይዘቅጣሉ። ሙጫው ግን እያንዳንዱን ቅንጣት ይለብሰዋል፤ የለበሱት ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ስለማይጣበቁ ቀለሙ ወጥ ሆኖ ይቆያል። ውሃው ሲደርቅ ያው ሙጫ ጥላሸቱን ከብራናው ጋር ያያይዘዋል። እንግዲህ አንዱ ሙጫ በእርጥብነቱ ይበትናል፤ በደረቅነቱ ያያይዛል።

የኅትመት ጥበብም ከዚህ አልራቀም። እ.ኤ.አ. በ1796 በድንጋይ ላይ የማተምን ዘዴ የፈለሰፈው አሎይስ ዜኔፌልደር፣ ጽሑፍ የሌለበት የድንጋዩ ክፍል ውሃ እንዲይዝና ቅባታማውን ቀለም እንዳይቀበል የግራር ሙጫ ይቀባው ነበር። ከዚህ ዘዴ የተወለደው የኦፍሴት ኅትመትም የማተሚያውን ሰሌዳ በዚሁ ሙጫ ይጠብቃል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም በዓለም ዙሪያ የኅትመት ሥራ በአብዛኛው የሚከናወነው ከብረት በተቀረጸ ፊደል ነበር፤ በኋላ ግን ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ፖሊመር ለሰሌዳ ዋለ። በዚህ ሰሌዳ ላይ ብርሃን ያረፈበት ክፍል ይቀራል፤ ያላረፈበት ታጥቦ ይወጣል፤ ፊደሉም ጎልቶ ይታያል። ቼስተር ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1938 መሠረቱን በጣለው የደረቅ ግልባጭ ዘዴ የሚሠሩት የዛሬዎቹ ማባዣዎች ደግሞ የሚጠቀሙበት «ቶነር» በአብዛኛው የፖሊመር ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ በሙቀት ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል።

አሁን ወደ ፍሳሹ እንሂድ። የማተሚያ ቤት እጣቢ፣ የከተማ ፍሳሽም ሆነ የክረምት ድፍርስ ወንዝ በውስጡ የያዘው ደቃቅ ነገር ለምን ቶሎ አይዘቅጥም? ቅንጣቶቹ በአብዛኛው አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ነው። ማጣራቱ ስለዚህ ሁለት እርምጃ አለው። በመጀመሪያ እንደ አሉሚኒየም ሰልፌት (በተለምዶ «አሉም») ያለ ጨው ሙሉን ያመክነዋል፤ መገፋፋቱም ይቀራል። በአዋሽ መልካሳ የተቋቋመው የአሉሚኒየም ሰልፌትና የሰልፈሪክ አሲድ ፋብሪካ የታነጸው ይህንኑ ጨው እንዲያመርት ነው። ቀጥሎ እንደ ፖሊአክሪላማይድ ያለ እጅግ ረጅም ፖሊመር በጥቂቱ ይጨመራል፤ ሰንሰለቱ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው እንደ ድልድይ ተዘርግቶ ትላልቅ ጉጉል ያበጃል፤ ጉጉሉም በክብደቱ ይወርዳል። ይኸው ፖሊመር ከዝቃጭ ውስጥ ውሃውን ጨምቆ ለማውጣትም ያገለግላል። በኮንሶ የታወቀው የሽፈራው ፍሬ ተወቅጦ በድፍርስ ውሃ ላይ ሲደረግ ውሃውን የሚያጠራው ደግሞ በውስጡ ባለው አዎንታዊ ሙል ያለው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲንም ፖሊመር ነው፤ ሥራው ግን ወደ አሉም ሥራ ይቀርባል።

ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው ፖሊመርን «ሙጫ» ብሎ መተርጎም አይበጅም። ሙጫ ከፖሊመሮች አንዱ እንጂ የፖሊመር ሁሉ ስም አይደለም። ከዚህም በላይ ቃሉ መጣበቅን ብቻ ስለሚያሳስብ፣ ሠራተኛው «ሙጫው በበዛ መጠን የበለጠ ያያይዛል» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ፖሊመሩ ከመጠን ሲያልፍ፣ ልክ በጸሓፊው ቀለም ውስጥ እንዳለው ሙጫ፣ ቅንጣቱን ሁሉ ይለብስና መልሶ ይበትነዋል፤ ውሃውም እንደ ደፈረሰ ይቀራል።

ስለዚህ ፖሊመርን በአሠራሩ፣ የሚሰጠውን አገልግሎት ደግሞ በግብሩ እንሰይም። ለመጀመሪያው የማጣራት እርምጃ «ማርጊያ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ወተት ሲረጋ ያላየ የለምና። ነገር ግን «ረጋ» ሁለት ፊት ያለው ግስ ነው። «ወተቱ ረጋ» ስንል ጠጠረ ማለታችን ነው፤ «አገሩ ረጋ» ስንል ግን ጸጥ አለ፣ ሳይናወጥ ቆመ ማለታችን ነው። በዚህ በሁለተኛው ፍቺ መሠረት «ማረጋጊያ» የሚለው ቃል ቅንጣቶቹ ሳይዘቅጡ እንዲቆዩ የሚያደርገውን፣ ማለት የማርጊያን ተቃራኒ ያመለክታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል መደገም ብቻ ስለሆነ፣ አንድ የኅትመት ስሕተት መመሪያውን ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሙያ «ማረጋጊያ» ጨርሶ ባይገባ፣ በስፍራውም «በታኝ» ቢባል ይሻላል። «አድማ በታኝ» የሚለውን የሰማ ሁሉ ትርጉሙን አይስተውም።

ለሁለተኛው እርምጃ «ገንፎው ጓጎለ» ከሚለው አነጋገር እንነሣለን። ከ«አጓጎለ» የአድራጊ ስም ብናወጣ «አጓጓይ» ይሆንና «አጓጊ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ ፍሳሽ ደግሞ የሚያጓጓ ነገር አይደለም። የመሣሪያ ስሙ «ማጓጎያ» ግን ከ«አበሰለ» እንደወጣው «ማብሰያ» ያለ በመሆኑ ለአፍም ለጆሮም አይከብድም።

የመጨረሻው ነጥብ ከጤና ጋር የተያያዘ ነው። ፖሊአክሪላማይድ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ የተሠራበት ሞኖመር አክሪላማይድ ግን የነርቭ መርዝ ነው። ጥቂቱ ሳይቀጣጠል በፖሊመሩ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል፣ የዓለም የጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከሊትር 0.5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ የመመሪያ ልክ አበጅቶለታል። በጆንያ ላይ በሚለጠፍ ጽሑፍ «ፖሊ» የምትለው ቅጥያ ብትጣል የምትጠፋው አንዲት ቅጥያ ብቻ አይደለችም። በሥነ ቃላት ሥራ ትንሽ የሚመስለው ነገር የሰው ጤና የሚጠበቅበት ሊሆን ይችላል።

ለውይይት የምናቀርባቸው ቃላት ከነፍቻቸው የሚከተሉት ናቸው፦

ሞኖመር፦ ተቀጣጥሎ ፖሊመር የሚሆን ትንሽ ሞለኪዩል።

ፖሊመር፦ ከብዙ ሞኖመሮች የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪዩል፤ የተፈጥሮ ወይም ሰው ሠራሽ።

ማያያዣ፦ ቀለም ሲደርቅ ቅንጣቱን ከወረቀት ወይም ከብራና ጋር አጣብቆ የሚይዝ።

በታኝ፦ ደቃቅ ቅንጣት በፈሳሽ ውስጥ ሳይሰባሰብ እንዲቆይ የሚያደርግ።

ማርጊያ፦ የቅንጣቶችን ሙል በማምከን መገፋፋታቸውን የሚያስቀር።

ማጓጎያ፦ ቅንጣቶችን በድልድይነት አገናኝቶ ትልቅ ጉጉል የሚያደርግ።

ከእነዚህ የተሻለ ቃል በኩልመስክ ገበያ፣ በቁም ጸሓፊ ደጅ ወይም በማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኞች አንደበት ቢገኝ፣ የእኛን ትተን ያንን ለመቀበል ዝግጁ ነን።