ከተሸጠችው ፖርሽ እስከ ኤንዞ ፌራሪ፤ የኳስ ኮከቦችና የልጅነት መኪናቸው

ዝላታን ኢብራሂሞቪች የአያክስ አጥቂ በነበረበት ዘመን አምስተርዳም ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ቀጠሮ ይዞ ነበር። ሰውየው ሚኖ ራዮላ ይባላል። ዝላታን በዕለቱ ሽክ ብሎ ነው የሄደው። የጉቺ ጃኬት ደርቧል፣ የወርቅ ሰዓት አስሯል፣ ደጅ ላይ ደግሞ ፖርሹን ገትሯል። ሰውየውን ሊያስደንቀው ነበር ሀሳቡ። ራዮላ ግን ጂንስና ቲሸርት ለብሶ፣ ቦርጩን አስቀድሞ ከች አለ። ያለውን ምግብ አስመጥቶ ከበላ በኋላ የታተመ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

ወረቀቱ ላይ ስምና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ክርስቲያን ቪየሪ 24 ጎል፣ ፊሊፖ ኢንዛጊ 20፣ ዳቪድ ትሬዜጌ 20፣ ይልና መጨረሻው ላይ ዝላታን ይመጣል። 25 ጨዋታ፣ 5 ጎል! በዚህ ቁጥር ማን ነው የሚገዛህ? ነው የራዮላ ጥያቄ። መፍትሄ ያለውንም አልደበቀም፤ ሰዓቶቹን ሽጥ፣ መኪኖቹን ሽጥ፣ ልምምድህን በሦስት እጥፍ ጨምር።

እስቲ አስቡት። የማልሞዋ የሮዘንጎርድ ሰፈር ልጅ ነው ይሄን የሚሰማው። አባቱ ከቦስኒያ፣ እናቱ ከክሮኤሺያ የመጡ ስደተኞች ናቸው። በልጅነቱ ብስክሌት የሚገዛለት ስላልነበረ የሰው ብስክሌት እየሰረቀ ነው ያደገው። ይህን ደግሞ ማንም አላሳበቀበትም፤ 2011 (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ራሱ ነው የነገረን። ለእንዲህ ያለ ልጅ ፖርሽ መጓጓዣ ብቻ አይደለችም። ትናንት ፊት ለነሱት ሁሉ የሚያሳያት ማስረጃ ናት። እሷን ሽጥ ማለት ሰውየውን ከነሕልሙ አውርደው እንደማለት ነው።

ዝላታን መጀመሪያ ተናደደ። ቆይቶ ግን አደረገው! ፖርሿ ሄደች፣ ሰዓቶቹም ተቀመጡ፣ ግዙፉ አጥቂ የክለቡን ፊያት ስቲሎ እያሽከረከረ ልምምድ መመላለስ ጀመረ። ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋውን ሰው በዚያች ፊያት ውስጥ ታጥፎ ለማየት የታደሉ የአምስተርዳም ሰዎች ምን ብለው ይሆን? ብቻ ነሐሴ 2004 መጨረሻ ላይ፣ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል፣ ጁቬንቱስ 16 ሚሊዮን ዩሮ ከፍሎ ወሰደው። በመጀመሪያው የሴሪ አ ዓመቱ 16 ጎል አገባ። ወረቀቷ ሠርታለች ማለት ነው።

ኤንዞ መጣች

ጣሊያን ከገባ በኋላ ዝላታን የተሸጠችውን ፖርሽ የሚያስረሳ መኪና እጁ አስገባ። ፌራሪ ኤንዞ! ስለዚህች መኪና ጥቂት ማለት ግድ ነው። ፌራሪ በመሥራቹ በኤንዞ ፌራሪ ስም የሰየማት ይህች መኪና 2002 ፓሪስ ላይ ነው ለሕዝብ የታየችው። ሞተሯ 6 ሊትር፣ ባለ 12 ሲሊንደር ነው። 660 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች፣ በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ታልፋለች። ዋጋዋ ያኔ ወደ 650 ሺህ ዶላር ነበር፤ ታዲያ ገንዘቡን ስለያዘ ብቻ ማንም ሄዶ አይገዛትም። ፋብሪካው ራሱ ነው ገዢውን የሚመርጠው። መጀመሪያ የታሰበው 349 ለመሥራት ነበር፣ በመጨረሻ ግን 400 ደረሰ። 400ኛዋ ለጳጳሱ ለዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ተሰጥታ፣ 2005 ላይ በጨረታ ተሸጣ ገንዘቡ ለሱናሚ ተጎጂዎች ዋለ። ከተሠሩት አንዷ ለጳጳስ፣ አንዷ ለሮዘንጎርድ ብስክሌት ሌባ መድረሷ የዚህች መኪና ዕጣ ፈንታ ነው።

ችግሩ የመጣው ባርሴሎና ላይ ነው። 2009 ክረምት ላይ ባርሳ ሳሙኤል ኤቶን ለኢንተር ሰጥቶ፣ በላዩ ወደ 46 ሚሊዮን ዩሮ ጨምሮ ዝላታንን አመጣው። ፔፕ ጓርዲዮላ ገና ከመጀመሪያው እዚህ ቤት ልምምድ በፌራሪና በፖርሽ አይመጣም አለው። የክለቡ ስፖንሰር አውዲ ስለሆነ ተጫዋቹ ሁሉ የሚመጣው በአውዲ ነው። ሜሲም፣ ቻቪም፣ ኢኔስታም እንደ ጨዋ ተማሪ ትዕዛዙን ተቀብለዋል። ዝላታንም ለጊዜው ዝም አለ። በመጀመሪያዎቹ አምስት የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ አገባ፣ ኅዳር ላይ ሪያል ማድሪድን 1 ለ 0 ያሸነፉበትን ጎልም አስቆጠረ። ሁሉ ሰላም ይመስል ነበር።

ቀስ በቀስ ግን ሜሲ ወደ መሃል እየገባ ሲመጣ ስዊድናዊው ቦታ አጣ፣ አሰልጣኙም አያናግረኝም ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ኤንዞዋን አስነስቶ ልምምድ ሜዳው በር ፊት ለፊት ያቆማት። ጋዜጦቹ ቀወጡት! ለፀሐፊው ግን ነገሩ ከመኪና ማቆም ያለፈ ነው። በፊያት ስቲሎ ተቀጥቶ ያለፈ ሰው በአውዲ ዳግመኛ መቀጣትን አልቀበልም ማለቱ ነበር። በመጽሐፉም ራሱን ከፌራሪ ጋር አመሳስሎ፣ ጓርዲዮላ ናፍጣ ሞልቶ እንደነዳው ነው የሚያማርረው። እኛ ደግሞ እንላለን፤ በዚያ ዓመት 16 የሊግ ጎል ያገባ ሞተር በናፍጣ ነው የሠራው ለማለት ይከብዳል። ደግሞም ጓርዲዮላ ሜሲን መሃል አድርጎ ያመጣው ውጤት ሲታይ ማን ይሞግተዋል? ብቻ ኢንተር ከነኤቶ ባርሳን ከግማሽ ፍጻሜ አስወጥቶ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ ዝላታን ነሐሴ 2010 ላይ ወደ ኤሲ ሚላን በውሰት አመራ። በቀጣዩ ዓመት ሚላን የሴሪ አ ሻምፒዮን ነበር። 2019 ላይ 38ኛ ዓመቱን ሲይዝ ለራሱ የገዛው ስጦታ ፌራሪ ሞንዛ ኤስፒ2 ነው። ጣሪያም የፊት መስታወትም የላትም። በአዲስ አበባ ሐምሌ አይመከርም።

መኪናን እንደ ማሊያ

ገዝቶ መንዳት ብቻ የማይበቃቸውም አሉ። ማሪዮ ባሎቴሊ ይህን ምዕራፍ ለብቻው ይዞታል። ነሐሴ 2010 ማንችስተር ሲቲ በገባ በቀናት ውስጥ አውዲ አር8 መኪናውን አጋጨ። ኪሱ ውስጥ 5 ሺህ ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ ያገኙት ፖሊሶች ለምን ያዝክ ሲሉት ሀብታም ስለሆንኩ ብሎ መመለሱ ተዘግቧል። 2012 ላይ ደግሞ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታሉን በወታደር ልብስ ቀለም አስለብሶ ማንችስተር ከተማ ውስጥ ብቅ አለ። የወታደር ቀለም የሚለበሰው ላለመታየት አልነበረም እንዴ? ማሪዮ ግን በእሱ ነው ከከተማው ሁሉ የታየው።

አብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ ቀለም አይደለም። እኛ ጋ ስቲከር የምንለው ነው። ስስ የፕላስቲክ ሽፋን በሙቀት እየለሰለሰ ላሜራው ላይ ይለጠፋል፣ ሲሰለች ይላጣል፣ ከሥር ያለው የፋብሪካ ቀለም እንዳለ ይወጣል። ታዲያ ሁሉም ፋብሪካ አይወደውም። ዴድማውስ የተባለው ካናዳዊ የሙዚቃ ሰው ፌራሪ 458 መኪናውን የኢንተርኔት ድመት ሥዕል አስለጥፎ፣ የፈረሱን ዓርማ በድመት ቀይሮ ለሽያጭ ሲያወጣት 2014 ላይ ከፌራሪ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። ሰውየው ስቲከሩን አንስቶ ላምቦርጊኒ ገዛና ያችኑ ድመት እሷ ላይ ለጠፋት። እልህ ማለት ይሄ ነው!

እኛ ሀገር ነገሩ ከታች ነው የሚጀምረው። ከሽቦ መኪና ሠርቶ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ፣ በረጅም ዘንግ መሪ እየጠመዘዘ ሰፈር ያላካለለ የከተማ ልጅ አለ? ያ ልጅ አድጎ አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ወይ ቪትዝ ሲገዛ መጀመሪያ የሚነካው ማርሚታውን ነው፤ ድምጿ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ እንዲሰማ። ቀጥሎ ቸርኬ ይቀየራል፣ ሞላው ይቆረጥና መኪናዋ መሬት ትስማለች። እውነት ለመናገር መኪና ዝቅ ማለቷ ክፉ አይደለም። ክብደቷ ወደ መሬት ሲቀርብ ኩርባ ላይ አትንገዳገድም። የውድድር መኪኖች ዝቅ ያሉትም ለዚሁ ነው። ግን ለዚያ ተብሎ የተሠራ ሞላ አለ። በመጋዝ የተቆረጠ ሞላ ቦታውን ይዞ ላይቀመጥ ይችላል፣ ጎዳናው ላይ ያለው የፍጥነት መገደቢያም ፓራውልቱን ይዞ ይቀራል።

ሞተሩም እንዲሁ ነው። ተርቦ ያለው መኪና ከሆነ ኮምፒውተሩን ነካክቶ የአየሩን ግፊት ከፍ ማድረግና ጉልበት መጨመር ይቻላል። ግን ግፊት ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራል፣ ለዚያ ያልተሠራ ሞተር ይቀቀላል። ከዚያም በላይ አብዛኛው ወጣት የሚረሳው ፍሬንና ጎማ ነው። ፍጥነት ከ60 ወደ 120 ሲወጣ እጥፍ ይሆናል፣ ፍሬኑ የሚያቆመው ኃይል ግን አራት እጥፍ ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለማርሚታ ሳይሆን ለጎማ ይሁን ባይ ነን። ማርሚታ በግብ ጠባቂ ገንዘብ የተገዛ አጥቂ ነው!

ይሄ ቀልድ አይደለም። ጥር 8 ቀን 2009 ክርስቲያኖ ሮናልዶ በማንችስተር ኤርፖርት አጠገብ ባለው ዋሻ ውስጥ ፌራሪ 599 መኪናውን ከግድግዳ ጋር አላተማት። ከኋላው በቤንትሌዩ ይከተለው የነበረው ግብ ጠባቂው ኤድዊን ቫንደርሳር ነው። መኪናዋ ከፊት ተበላሽታ ቀረች፤ ሮናልዶ አንድም ጭረት ሳይነካው ወጥቶ ያንኑ ቀን ልምምድ ሄደ። ከአራት ቀን በኋላ ዙሪክ ላይ የፊፋ የዓለም ኮከብነት ሽልማቱን ተቀበለ። በዚያ ዋሻ ውስጥ ትንሽ ነገር ቢለወጥ ኖሮ ከዚያ በኋላ ያየነው የሪያል ማድሪድ ዘመን ሁሉ አይኖርም ነበር።

ሆዜ አንቶኒዮ ሬየስ ግን ዕድሉ አልነበረውም። የአርሰናል ደጋፊ ያስታውሰዋል፤ በ2004 ጥር ወር መጥቶ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳውን ቡድን የተቀላቀለው የሲቪያው ልጅ ነው። ሰኔ 1 ቀን 2019 ከተወለደባት ዩትሬራ ብዙም ሳይርቅ ከመንገድ ወጥቶ ሞተ። የሚነዳው ብራቡስ የተባለው የጀርመን ድርጅት ያሻሻለው መርሴዲስ እንደነበር የስፔን ጋዜጦች ጽፈዋል። በዚያው ምሽት ማድሪድ ላይ ሊቨርፑልና ቶተንሃም የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ከመጫወታቸው በፊት ለእሱ በዝምታ ቆሙ። ሐምሌ 3 ቀን 2025 ደግሞ ዲዮጎ ጆታ ከወንድሙ ከአንድሬ ሲልቫ ጋር በስፔን ዛሞራ አካባቢ አረፈ። ላምቦርጊኒያቸው ሌላ መኪና ሲቀድም ጎማው ፈንድቶ ነበር። ጆታ ከተጋባ ሁለት ሳምንት አልሞላውም። ሊቨርፑል 20 ቁጥሩን ለማንም ላለመስጠት ወስኗል።

ከዚህ ሁሉ መሃል ኢንጎሎ ካንቴ አለ። በፈረንሳይ ታችኛው ሊግ ሲጫወት በትሮቲኔት ነበር ልምምድ የሚመላለሰው። ሌስተር ሲገባ ሚኒ ኩፐር ገዛ። ከሌስተር ጋር ፕሪሚየር ሊጉን ወስዶ ቼልሲ ከገባም በኋላ ያችኑ ሚኒ ነበር የሚነዳው። ፌራሪና ቤንትሌይ በተደረደረበት የኮብሃም መኪና ማቆሚያ መሃል ካንቴ ከሚኒው ሲወርድ የታየበት ፎቶ ስንቱን አስቋል!

የኛ ኃይሌ ገብረሥላሴም መኪና ያገኘው በእግሩ ነው። በ1993 የሽቱትጋርት የዓለም ሻምፒዮና ለአሸናፊዎች የሚሰጠው መርሴዲስ ነበርና 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፎ ወሰዳት። ዓመታት አልፈው ኃይሌ የሀዩንዳይ መኪና ገጣጣሚ ሆነ፤ 2020 ላይም የኤሌክትሪክ መኪና ገጥሞ አወጣ። መንግሥት በጥር 2024 የነዳጅ መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ሲከለክል እንግዲህ ጥያቄው ለሰፈር ልጆች ተላልፏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታ የላትም። ምኗን ሊቆርጡ ነው?