ያውቁ ኖሯል? ራዳር ያበራ ተዋጊ ራሱን ያጋልጣል

ራዳር የሚሠራው በገደል ማሚቶ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ሞገዱ ዒላማ ነክቶ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ርቀቱን ይናገራል። ሞገዱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 150 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚበር ጀት ጋ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት አንድ ሺህኛ ሰከንድ ብቻ ነው።

ያውቁ ኖሯል? የአንድን ራዳር የማየት ርቀት እጥፍ ለማድረግ ኃይሉን 16 እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ሞገዱ ሲሄድ ይበተናል፣ ሲመለስም እንደገና ይበተናላ! ታዳኙ ግን የሚሰማው ገና ያልደከመውን የመሄጃውን ሞገድ ነው። በጨለማ ባትሪ የሚያበራ ሰው ከፊቱ ጥቂት እርምጃ ቢያይ ነው፤ እሱን ግን ከማዶ ተራራ ላይ ያለውም ያየዋል። የራዳር ማስጠንቀቂያ መቀበያ የሚባለው መሣሪያ ይህችን ልዩነት ይጠቀማል። ምንም ነገር አይልክም፤ ያዳምጣል።

ያውቁ ኖሯል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ቦምብ ጣዮች ጅራታቸው ላይ ሞኒካ የምትባል ትንሽ ራዳር ይዘው ይበሩ ነበር። ሥራዋ በሌሊት ከኋላ ስለሚመጣ የጀርመን ተዋጊ ማስጠንቀቅ ነበር። ጀርመኖች የሞኒካን ሞገድ የሚያዳምጥ ፍሌንስቡርግ የተባለ መሣሪያ ሠሩና እሷኑ እየተከተሉ ቦምብ ጣዮቹን ያድኑ ጀመር። ብሪታንያውያን ጉዱን ያወቁት በአጋጣሚ ነው፦ እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1944 አንድ ዩ-88 የሌሊት ተዋጊ መንገድ ስቶ እንግሊዝ አገር ዉድብሪጅ አየር ማረፊያ ላይ ከነሙሉ መሣሪያው አረፈ። አስነስተው ሞከሩት፤ ሞኒካም ከየአውሮፕላኑ ተነቀለች። ስንት ሠራተኛ ጠባቂዬ ብሎ ያመነባት መሣሪያ ጠላትን ስትጠራ ነበር ማለት ነው።

ያውቁ ኖሯል? የተዋጊ ጀት ራዳር አንድ ሥራ ብቻ አይሠራም፤ አብራሪው ስልቱን በቀያየረ ቁጥር ደግሞ ታዳኙ ሐሳቡን ሊያነብበት ይችላል። በፍለጋ ስልት አንቴናው ሰማዩን ከግራ ቀኝ ይጠርጋል፤ ሞገዱ የታዳኙን ጀት የሚነካው በየጥቂት ሰከንዱ ነውና መቀበያው ቆይቶ ቆይቶ ጢን ይላል። አብራሪው አንድን ዒላማ መርጦ ሎክ ሲያደርግ ራዳሩ ሌላውን ሁሉ ትቶ ያለማቋረጥ በዚያ ላይ ያፈጣል። ያኔ ታዳኙ ጆሮ ላይ ድምፁ አይቆምም። ተኩስ ሊከተል እንደሚችል ማንም አይነግረውም፣ ራሱ ይገባዋል።

መሐንዲሶች ለዚህ መላ አበጁለት። ራዳሩ መጥረጉን ሳያቆም ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ዒላማ ያስታውሳል፣ በሚቀጥለው ዙር የት ሊገኝ እንደሚችልም ቀድሞ ያሰላል። ታዳኙ የሚሰማው ተራ ፍለጋ የሚመስል ድምፅ ነው። የአሜሪካው ኤፍ-14 በዚህ ስልት 24 ዒላማ ይከታተል፣ በስድስቱ ላይም ሚሳይል ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 በተደረገ ሙከራ አንድ ኤፍ-14 ስድስት የፊኒክስ ሚሳይሎችን በ38 ሰከንድ ውስጥ በስድስት ዒላማ ላይ ተኩሷል። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር!

ያውቁ ኖሯል? እንደ ስፓሮው ያሉ የቀድሞ ሚሳይሎች የራሳቸው ራዳር አልነበራቸውም። የተኮሳቸው ጀት እስኪመቱ ድረስ ዒላማውን በራዳሩ ማብራት ነበረበት፤ አፍንጫውን ወደ ጠላት አቅንቶ ሊመታው ወደሚችል ሰው መቅረብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አገልግሎት የጀመረው አምራም ግን መጨረሻው ላይ የራሱን ትንሽ ራዳር ያበራል። ተኳሹ ቀድሞ ዞሮ ይሄዳል፤ የታዳኙ መቀበያ አምርሮ ሲጮህ ሚሳይሉ በሰከንዶች ርቀት ላይ ነው።

ሙቀት ተከታይ ሚሳይል ሲመጣስ? መቀበያው ትንፍሽ አይልም፤ የሚሰማው ሞገድ የለምና። በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር ኃይል ኤፍ-5ኢዎች በኦጋዴን ሰማይ የሶማሊያን ሚግ-21ዎች ሲገጥሙ የታጠቁት ሳይድዋይንደር የዚህ ዓይነት ሚሳይል ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ከላይ ወደ ታች የሚያይ ራዳር ትልቁ ጠላቱ መሬት ነው። የተራራውና የሜዳው ማሚቶ ዝቅ ብሎ የሚበረውን ጀት ይውጠዋል። ፐልስ ዶፕለር የሚባለው ራዳር ይህን የሚፈታው በፍጥነት ነው፤ ወደ እኔ የሚመጣውንና ከእኔ የሚሸሸውን አሳየኝ፣ የቆመውን ጣል ይላል። ብልህ አብራሪ ታዲያ ጀቱን አዙሮ ጎኑን ለራዳሩ ይሰጣል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር እየበረረ እንኳ ወደ ራዳሩ አይቀርብም፣ አይርቅምም፤ ራዳሩም ከመሬቱ ጋር ቆጥሮ ይጥለዋል። ለዚህ ግን አዳኙ በየት በኩል እንዳለ ማወቅ አለበት። ያንን የሚነግረው የማስጠንቀቂያ መቀበያው ነው፤ በአውሮፕላኑ ዙሪያ የተተከሉት አንቴናዎች የትኛው ጎልቶ እንደሰማ በማነጻጸር አቅጣጫውን ያወጣል። በእኔ ግምት ከመሣሪያው ጥቅም ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ያውቁ ኖሯል? ፊት ለፊት የሚመጣ ጀት ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከሩት ምላጮች ማሚቶውን በራሳቸው ምት ያናውጡታል። አንዳንድ ራዳሮች ይህን ምት ለክተው የሞተሩን ዓይነት፣ ከዚያም የአውሮፕላኑን ዓይነት ይገምታሉ። የአሜሪካ ኤፍ-15ዎች እ.ኤ.አ. በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ይህን ዘዴ ተጠቅመዋል።

ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ የማስጠንቀቂያ መቀበያን በጥድፊያ በጀቶቿ ላይ የገጠመችው ቬትናም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1965 አንድ ኤፍ-4 በሶቪየት ሠራሽ ሳም-2 ሚሳይል ተመታ። በወራት ውስጥ መቀበያ የተገጠመላቸው ኤፍ-100ኤፍ ጀቶች የሚሳይሎቹን ራዳሮች በማዳመጥ ማደን ጀመሩ፤ ዲሴምበር 22 ቀን የመጀመሪያውን የሚሳይል ጣቢያ አወደሙ። የራዳሩ ምት ወደ ድምፅ ተቀይሮ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫቸው ይገባ ስለነበር ሠራተኞቹ የራዳሩን ዓይነት በጆሮ ይለዩ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? በምዕራባውያን ጀቶች የመቀበያ ስክሪን ላይ መሃሉ የራስ አውሮፕላን ነው። ምልክቱ ወደ መሃል ሲጠጋ ግን ጠላት ቀረበ ማለት ላይሆን ይችላል፤ የሚያሳየው የአደጋውን ክብደት ወይም የሞገዱን ጉልበት ነው። ቤርዮዛ የተባለው የሶቪየት መቀበያ ግን ስክሪን የለውም። በአውሮፕላን ምስል ዙሪያ የተደረደሩ መብራቶች አቅጣጫውን ያሳያሉ፣ ከታች ያሉት ስድስት መብራቶች የራዳሩን ዓይነት ይለያሉ። ሱ-27ም ሆነ ሚግ-29 ከፋብሪካ ሲወጡ የተገጠመላቸው ይኸው ቤርዮዛ ነው። በ1991 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት እነዚህ ሁለት አውሮፕላኖች በተቃራኒ ጎራ ተሰልፈዋል።

ያውቁ ኖሯል? አንቴናውን ከማዞር ይልቅ ጨረሩን በኤሌክትሮኒክስ የሚወረውር ራዳር በመጀመሪያ የታጠቀው ተዋጊ የሶቪየቱ ሚግ-31 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አገልግሎት ላይ ዋለ። የዛሬዎቹ ተተኪዎች ፍሪኩዌንሲያቸውን በፍጥነት እየቀያየሩና ኃይላቸውን እየበተኑ ስለሚያበሩ የቆዩ መቀበያዎች ከተራ ጫጫታ መለየት ይቸግራቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የራቀው ግን የአሜሪካው ኤፍ-117 ነበር። ሞገድ እየለቀቀ እንዳይታወቅበት ራዳር የሚባል ነገር አልተገጠመለትም። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999 ሰርቢያ ላይ የመታው የዩጎዝላቪያ ጦር መኮንኑ የዞልታን ዳኒ የሚሳይል ክፍል በበኩሉ የሚሳይል መሪ ራዳሩን የሚያበራው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነበር። የተመታው ጀት የአብራሪ ክፍል መስታወት ክዳን ዛሬ ቤልግሬድ በሚገኘው የአቪዬሽን ሙዚየም ተቀምጧል።