እፎይታው በማን ደጅ ቆመ?

ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲናን ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መጀመሪያ የሚያወልቀው ካፖርቱን ነው። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የይፋት ቆላ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ደጋውን ከጀርባዋ ትታ ፊቷን ወደ አፋር ሜዳ ያዞረች ናት። ሽንኩርት፣ ማሽላና ማሾ ይመረትባታል። ሙቀቷ ደግሞ ከግብር ሕጉ ጋር ይገናኛል። በአስቸጋሪ የአየር ጠባይ ለሚሠራ ሠራተኛ የሚከፈል የበረሃ አበል ከገቢ ግብር ነፃ ነውና።

ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ነፃ የሚሆነው አበሉ እንጂ ላቡ አይደለም። በዚያው ፀሐይ ሽንኩርት ሲነቅል የሚውል የቀን ሠራተኛ አበል የሚባል ነገር ስለማያውቅ ነፃ የሚወጣለትም ነገር የለም። ብዙው የግብር ማቃለያ እንዲህ ነው፤ በፔይሮል ላይ ስም፣ በባንክ ሒሳብ፣ በእጅ የፈቃድ ወረቀት ያለውን ሰው ፈልጎ ያገኛል።

ደመወዝተኛው በሰፊው ያወራው ማቃለያ ሐምሌ 2017 የመጣው ነው። በ2008 በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሳይነካ ቆየ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጤፉ፣ ዘይቱና የቤት ኪራዩ አንድም ዓመት አልቆሙም። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነፃውን ወለል ወደ 2,000 ብር ከፍ አደረገው፤ 35 በመቶ የሚቆረጥበትንም ገቢ ከ10,900 ወደ 14,000 ብር አሻገረው።

ማን ምን አተረፈ? እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ወር በገባ 4,760 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በድሮው ስሌት 649.50 ብር ይቆረጥበት ነበር፤ በአዲሱ 452 ብር ይቆረጥበታል። የተረፈው 197.50 ብር ነው። 14,000 ብር የሚያገኘው 550 ብር ይተርፈዋል። 200,000 ብር የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅም ያው 550 ብር ነው የሚተርፈው፤ ከ14,000 ብር በላይ ሁሉም ከዚያ አያልፍም። በመቶኛ ሲታይ ታችኛው ይበልጣል፣ በብር ሲቆጠር ላይኛው። ሁለቱም ወገን «እኔ ተበደልኩ» ለማለት ቁጥር አያጣም፤ ቢሆንም ከሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ላይ 550 ብር ከአንድ በመቶ ሩብ ትንሽ ያለፈ ነው፣ በትንሹ ደመወዝ ላይ ግን 197 ብር የወጥ ማጣፈጫ ነው።

ትልቁ እፎይታ ያለው ከዚያ ዳገት ማዶ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ2011 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በ2005 ወጥቶ ለዓመታት የሠራው የኢንቨስትመንት ማበረታቻ ደንብ ቁጥር 270 ለባለሀብቶች እንደ ዘርፋቸውና እንደ ቦታው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከገቢ ግብር ነፃ የሚሆኑበትን ጊዜ ሰጥቷል። ፓርክ ለሚያለማው ደግሞ በአዲስ አበባና ዙሪያዋ 10፣ ከዚያ ውጭ 15 ዓመት ተፈቅዶ ነበር። ዓላማው ፋብሪካን ከዋና ከተማዋ ማውጣት፣ የክፍለ አገሩን ወጣት ሥራ ማስያዝ ነበር፤ ይህን ማናናቅ አይገባም።

ሒሳቡን ግን ማየት ይገባል። የድርጅት የንግድ ትርፍ ግብር 30 በመቶ ነው። በዓመት 10 ሚሊዮን ብር ያተረፈ ድርጅት በእፎይታ ላይ ከሆነ 3 ሚሊዮን ብር ይቀርለታል እንበል። ይህ በወር 6,000 ብር የሚከፈላቸው 357 ሠራተኞች በዓመት ከሚቆረጥባቸው ግብር ጋር እኩል ነው። ደግሞም የትርፍ ግብር እፎይታ የሚጠቅመው ላተረፈ ነው። የከሰረው ከእፎይታው የሚያገኘው የለም፤ አብዝቶ የሚያተርፈው ደግሞ ምናልባት ያለ እፎይታውም ይመጣ ነበር።

ከሽንኩርት ነጋዴው ጋር ሲነጻጸር ይህ ይብሳል። በአዲሱ አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነና መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ግብሩ የሚሰላው ከትርፉ ሳይሆን ከጠቅላላ ሽያጩ ነው። ሽንኩርት እንደ ብረት ተከምሮ አይቆይም። ዋጋ በወደቀ ሳምንት ከስሮ የሸጠውም ሽያጭ ሽያጭ ነው።

ገበሬውስ? ሕገ መንግሥቱ የግል ገበሬውን ግብር ለክልሎች ሰጥቷል። ገበሬው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ይከፍላል፤ ስሌቱም በዋናነት የይዞታ ስፋት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው መናገር የማይወደው እውነት አለ። በፓምፕ ውኃ ስቦ በዓመት ሁለቴ ሽንኩርት የሚያወጣ ገበሬ በደህና ዋጋ ዓመት ከአንድ የትምህርት ቤት ጥበቃ ብዙ እጥፍ አግኝቶ ከጥበቃው ያነሰ ግብር ሊከፍል ይችላል። በአዋጅ ያልተጻፈ እፎይታ ይሏል ይህ ነው። መንግሥታት ይህን መንካት የሚፈሩበት ታሪክም አላቸው፤ በ1960 የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ጎጃምን አሳምጿል። ዝናብ ጠብቆ ማሽላ የሚዘራው የይፋት ገበሬ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው፤ ከእሱ የሚሰበሰብ ትርፍ የለም።

ወደ ጥበቃው፣ ወደ መንግሥት ዝቅተኛ ተከፋዩ እንመለስ። የ600 ብሩ ወለል በተደነገገበት በ2008 የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ 582 ብር ነበር። ስለዚህ የመጨረሻው ተከፋይ የገቢ ግብር አይቆረጥበትም ነበር። ዝቅተኛው ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 ብር ሆኗል፤ ነፃው ወለል 2,000። ስለዚህ ያው ሰው ዛሬ በየወሩ 700 ብር ይቆረጥበታል። የሚቀጥለው ማሻሻያ ከምክር ቤት ሲደርስ ነፃው ወለል ቢያንስ ከዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ ጋር ይስተካከል፤ ለፋብሪካዎች የተተወው ግብርም በየዓመቱ በድርጅት ስምና በብር ተዘርዝሮ ለሕዝብ ይውጣ።