አንድ ስም፣ ብዙ አጻጻፍ፦ የአማርኛ ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሰፍር

በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም “ሰይድ” ተብሎ ሲጠራ ስሙን አሳስቶ የሚሰማ የለም። በአማርኛም በሦስት ፊደል ይጻፋል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሰፍር ግን አንዱ ጸሐፊ ከ“ኤስ” ቀጥሎ “ኢ” ያስገባል፤ ሌላው “ኤ” ያስገባል። አንዱ በ“አይ” ሲጽፍ ሌላው በ“ዋይ” ይጽፋል። አጠራሩ አንድ ሆኖ ሳለ በፓስፖርት፣ በባንክ ደብተርና በትምህርት ማስረጃ ላይ የተለያየ ስም ይመስላል።

የችግሩ ምንጭ በድምፅና በፊደል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ድምፅ በአፍ የሚነገር፣ በጆሮ የሚሰማ ነው፤ ፊደል ደግሞ የድምፁ ምልክት ነው። እንግሊዝኛ 26 ፊደላት ሲኖሩት፣ በተለመደው የብሪታንያ አነጋገር የድምፆቹ ብዛት 44 ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ፊደል ብዙ ድምፆችን ይወክላል፤ “ሸ”ን ለመጻፍም “ኤስ” እና “ኤች” ይጣመራሉ። ተጽፎ የማይነበብ ፊደልም አለ፤ ቢላዋ ማለት የሆነው “ናይፍ” በ“ኬ” ይጀምራል፤ “ኬ” ግን አይነበብም።

ድምፆች ተነባቢና አናባቢ ተብለው ይከፈላሉ። አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት፤ የእንግሊዝኛ አናባቢ ፊደላት ግን አምስት ናቸው። በዚህም ምክንያት ግዕዙ “ከ” እና ኃምሱ “ኬ” ብዙ ጊዜ በአንድ “ኢ” ይጻፋሉ። “ከላላ” በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ፣ አካባቢውን የማያውቅ ሰው “ኬላላ” ብሎ ሊያነበው የሚችለው ለዚህ ነው። ሳድስም እንዲሁ ያስቸግራል፤ “ብርሃን” የሚለውን አንዱ በ“አይ”፣ ሌላው በ“ኢ”፣ ሌላው ያለ አናባቢ ይጽፈዋል።

በተነባቢዎች በኩል “ጠ”፣ “ቀ”፣ “ጨ”፣ “ጸ” እና “ጰ” ጉሮሮ ተዘግቶ አየር ከአፍ በኃይል ሲወጣ የሚፈጠሩ ድምፆች ናቸው። እንግሊዝኛ ለእነዚህ የተለየ ፊደል የለውም። ስለዚህ “ተስፋዬ” እና “ጥላሁን” ሁለቱም በ“ቲ” ይጀምራሉ፤ “ቀ” ደግሞ አንዳንዴ በ“ኬ”፣ አንዳንዴ በ“ኪው” ይጻፋል።

የአማርኛ ፊደልም የማያሳየው ነገር አለ፤ ይኸውም መጥበቅና መላላት ነው። “ወሎ” ሲነገር “ሎ” ይጠብቃል፤ በአማርኛ ግን አንድ ፊደል ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል “ኤል” ሁለት ጊዜ የሚደገመው ይህን ጥብቀት ለማሳየት ነው።

ጉዳዩ ከክፍል ትምህርት ያልፋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ ስምን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ፊደል ይይዛል። ለሥራ ወደ ዐረብ ሀገር የሚሄድ ሰው ፓስፖርትም በዚያ ሀገር የሚነበበው በእንግሊዝኛ ፊደሉ ነው። ኮምፒዩተር ደግሞ ድምፅ አይሰማም፤ የሚያነጻጽረው ፊደል ከፊደል ነው። አንዲት ፊደል ብትለይ ባለስሙ ሌላ ሰው ሊመስል ይችላል። የአባታቸው ስም በተለያየ ፊደል የተጻፈ ወንድማማቾችም የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ማስረዳት ሊኖርባቸው ይችላል።

ከአጻጻፎቹ አንዱን ብቻ ትክክል፣ ሌላውን ስሕተት ማለት ያስቸግራል፤ ዋናው ነገር አንዱን መርጦ በዚያ መጽናት ነው። ቤተሰብ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም አስቀድሞ ከያዘው ማስረጃ ላይ በወረቀት ገልብጦ ቢይዝ ይጠቀማል። ምዝገባ ሲኖር ስሙን በቃል ከመናገር ይልቅ ወረቀቱን ማሳየት፣ ከመታተሙም በፊት ፊደል በፊደል ማመሳከር ይገባል። ማንበብ የማይችል አባወራ ወይም እማወራ ተማሪ ልጁን ይዞ ቢሄድ፣ ኋላ ለማረም ከሚወጣው ገንዘብና ከሚባክነው የሥራ ቀን ይድናል።