ከሥሯም እዩዋት

ካልጋሪ ተቀምጬ፣ ቶሮንቶ ያለች ኮሮላ የገዛሁት በፎቶ አይቼ ነው። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ወንበሯ ንጹሕ ነው። መጥታ መካኒኩ ከፍ አድርጎ ሲሰቅላት ግን የፍሬን ቱቦው ዝጎ ቅርፊት አውጥቷል፤ ሻንሲውን በካቻቢቴ ነካ ሲያደርገው ቡናማ ዱቄት መዳፌ ላይ ረገፈ። ኦንታሪዮ በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረት ይበላል።

አልበርታ ደግሞ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣን አሮጌ መኪና ፈቃድ ባለው ጋራዥ ሳያስመረምር አይመዘግብም። ቱቦዎቹን ቀይሬ አለፍኩ፤ ረከሰልኝ ያልኩት እዚያው አለቀ።

ሌላው ስጋት መኪናዋ ላይ ያለ ዕዳ ነው። በኦንታሪዮ ግለሰብ ሻጭ የመኪናውን የመረጃ ሰነድ ለገዢው እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። ሰነዱ የቀድሞ ባለቤቶችንና መኪናው የተያዘበትን ብድር ያሳያል፤ ግን የኦንታሪዮውን ብቻ። ስለዚህ ፊደልና አኃዝ ተቀላቅሎ 17 የሆነውን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ የሌሎቹንም ክፍለ ሀገሮች መዝገብ አስፈትሹ።

ወገኖቼ፣ መኪናዋ ባለችበት ከተማ ዘመድ ወይም ወዳጅ አይጠፋም። ደውሉለትና መካኒክ ይዞ ይሂድላችሁ፤ ከሥሯ ሳትታይ ገንዘብ አትላኩ።